የማሩ ግብር በማን ስም ይጻፍ?

መቱ የግብር ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ተሾመ ያስረከቡኝ አንድ ሜትር፣ አንድ ካልኩሌተርና አንድ ምክር ነበር። ሜትሩ የሱቅ ስፋት ለመለካት ነው። ምክሩ ደግሞ፣ "ባልና ሚስት አንድ ሱቅ ውስጥ ካገኘሽ ባልየውን ጠይቂ፤ ነገሩ ቶሎ ያልቃል" የሚል ነበር። እውነትም ቶሎ ያልቅ ነበር።

ሥራችን የቀን ገቢ ግምት ነው። መዝገብ የማይዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ዘንድ ሄደን ዕቃውን እናያለን፣ እንጠይቃለን፣ ገምተን ግብር እንጥላለን። ባልና ሚስት የየራሳቸው ንግድ ፈቃድ ካላቸው ግብሩም ለየራሳቸው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሚከብዱት ሰዎቹ ናቸው።

አንድ የገበያ ቀን ከአቶ ተሾመ ጋር መቱ አቅራቢያ ወዳለችው ሁሩሙ ሄድን። ጋሼ ሰይድና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እሳቸው ጨርቅ፣ እትዬ ማር ይነግዳሉ። ሁለቱም ፈቃድ አላቸው። ጋሼ ሰይድ ገና ሳንቀመጥ፣ "ሁሉንም በእኔ ስም ጻፉት። የእሷም የእኔ ነው፤ ምን ይለያየናል?" አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሚስታቸውን ከግብር ጣጣ ማዳናቸው ነበር።

እትዬ ዘይነባ ጓዳ ስለነበሩ ሰላም ልበላቸው ብዬ ገባሁ።

"ልጄ፣" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ገበያው ውስጥ የማር መሸጫ ሼድ ሊሰጡ ነው። በስሟ ግብር ላልከፈለች አይሰጡም። በእሱ ከተጻፈ ቀረብኝ።"

"ለምን አይነግሯቸውም?"

"ሰው ፊት ልከራከረው? ይከፋዋል።"

አንጀቴን በሉት። ስወጣ አቶ ተሾመ መጻፍ ሊጀምሩ ነው። ደግነቱ አንድ ገበሬ ማር ይዞ ገባ። ማር ሳይቀመስ አይገዛም። ማንኪያ አነሳሁና፣ "ጋሼ ሰይድ፣ እስቲ ይቅመሱትና ዋጋውን ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። "ልትገድዪኝ ነው እንዴ? ስኳር አለብኝ እኮ። የምትቀምሰውም፣ የምትገዛውም እሷ ናት።"

"ታዲያ ገቢው የማን ነው?"

 ወደ ጓዳው ዞሩ። "ዘይኔ፣ በስምሽ ይጻፍ ትያለሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ዝም አሰኘሽ? ቶሌ፣ እሺ፣ ለእሷ ጻፉላት።"

አቶ ተሾመ ደግ ሰው ናቸውና አዝነው ግምቱን ዝቅ አደረጉት። እትዬ ዘይነባ ወጥተው ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

"አሳነሱት። የምሸጠውን ያህል ይጻፉልኝ።"

"ግብሩ ይጨምራል እኮ፣ እትዬ።"

"ይጨምር። የሠራሁት ነው።"

በኋላ ሼዱን አገኙ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቀንሱልኝ ያላለኝ ነጋዴ አላስታውስም፤ ጨምሩልኝ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የዚያን ቀን ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ አላፍርበትም።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው። ባልና ሚስት በየስማቸው የሚከፍሉ ከሆነ ሁለቱንም ጠይቁ። ለየብቻ ጠይቁ።