ንስሩ መታጠፊያው ላይ

የእህቴ ባል ራሱን «ንስሩ» ብሎ የሰየመ ሹፌር ነው፤ ሌላ ማንም አላወጣለትም። ስንት ዘመን ሙሉ በአሮጌ መኪናው ተራራውን እያቋረጠ ሰው ያመላልሳል። መንገድ ስላችሁ መንገድ እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ሲያልቅ ገደል ነው። ገደሉ አፍ ላይ ያለችው መታጠፊያ ጋ ሲደርስ፣ «ለደኅንነታችሁ ነው፣ በአቋራጩ በእግር ውጡ!» ብሎ ተሳፋሪውን ከቋጥኙ ጀርባ ይሰደዋል። ከዚያ መሪውን ለረዳቱ ይለቃል። ረዳቱ እህቴ ናት። እሷ ታሳልፈዋለች፣ ማዶ ቦታ ይቀያየራሉ፣ እሱ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ ይጠብቀናል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አንጀቴ እያረረ አፌን ይዤ ኖርኩ።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ እንግዶች ፊት፣ «ሴት መሪ ከያዘች እኔ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው!» ብሎ ተንከተከተ። እህቴ ሰሃን እያነሳች ነበር።

በማግስቱ መታጠፊያው ጋ እንደ ልማዱ «ውረዱ!» አለ። ወረድን። እህቴም ወረደችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጉሙ እየመጣ ነው፤ መታጠፊያዋን ከሸፈናት እዚያው ብርድ ላይ ማደራችን ነው።

«ነይ እንጂ፣ የኔ እመቤት» አላት በሹክሹክታ።

«የትናንቱን ወሬህን እዚሁ ሰው ፊት አፍርሰው። ከዛሬ ወዲያ ተደብቄ አልነዳልህም» አለችው ጮክ ብላ።

ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም። እልህ ያዘውና ገብቶ ሞተር አስነሳ። መኪናዋ ዘለል አለችና ሞተሯ ጠፋ። ደግሞ አስነሳ፤ ደግሞ ጠፋ። ዓይኑን ከገደሉ ሳይነቅል ወረደ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

«የምታሳልፈው እሷ ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ኧረ አልተሰማም!» አለች አንዲት ተሳፋሪ ልብስ ሰፊ።

«እሷ ናት አልኩ እኮ! ሁልጊዜም እሷ ናት! እኔ አልችልም!»

እህቴ ሻርፗን አጥብቃ ገባች። ገደሉን ታክካ፣ ቀስ ብላ አለፈች። ማዶ ስንሳፈር እሱ፣ የለመደበት፣ የሹፌሩን በር ከፈተ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

«ከኋላ ቦታ አለልህ።»

በልብስ ሰፊዋና በሽንኩርት ጆንያ መሃል ተወሸቀ። ከተማው ብቅ ሲል ግን አላስቻለውም፤ «ማርሽ ቀንሺ! ፍሬን! ኧረ ፍሬን!» ይላል። ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና እሱ ራሱ በቀይ ቀለም ጽፎ የለጠፈውን አሳየችው፦ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው»።

እህቴ ጡሩምባዋን እያንባረቀች መናኸሪያው ገባችና ልክ ጉራውን በሚነዛላቸው ሹፌር ጓደኞቹ ፊት አቆመች።