ዕውሩ አህያ የቆመበት የእግር መንገድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳልነግራት የምታውቀው ብዙ ነገር ስላለ ምናልባት ይህንንም ደርሳበት ይሆናል፤ ከአፌ ግን አልወጣም። የንስሐ አባት የለኝም። የነበሩኝም በክርክር ሰልችተው ትተውኛል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዕጣው ላንተ ወጥቷል። ተቀመጥና ስማኝ።

ስድስት አዛውንቶችን በሌለ መንገድ ለሁለት ዓመት መራሁ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን በስደት በምንኖርበት፣ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ከአፓርትመንቶቻችን መውጣት ቀረ። ጎረቤቴ ጋሼ ወርቁ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ስኳር አለባቸው። ሐኪማቸው በየቀኑ ካልተራመዱ እግራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን "ከሳሎን ማድ ቤት መመላለስ የእስረኛ ሥራ ነው" ብለው እንቢ አሉ። ጠዋት ጠዋት እሳቸው፣ ሌሎች አምስት አዛውንት ጎረቤቶችና እኔ በስልክ ኮንፈረንስ ኮል እየተሰበሰብን እንጠያየቅ ስለነበር አንድ ቀን፣ ማን እንደጠየቀኝ ባላውቅም፣ ጉራዬን ነዛሁ።

"እንግሊዝ አገር ትንሽ መንደር ውስጥ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ" አልኩ። "እዚያ የእግር መንገዱ በገበሬው እርሻ መሃል ያልፋል። ገበሬው መከልከል አይችልም፤ የሕዝብ መብት ነው።"

"በሰው እርሻ?" አሉ እትዬ አስካለ። "እዚህማ የሰው ሣር ከረገጥክ በሩ ላይ ያለው ካሜራ ይሳደባል።"

"እንግዲያው ውሰደን" አሉ ጋሼ ወርቁ። "አንተ እየነገርከን እኛ እንራመድ።"

በዚያች መንደር መኖሬ እውነት ነው። መራመዴ ግን ውሸት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ተከራየሁት ክፍል ድረስ ካለችው መንገድ አላለፍኩም። በዝናብ ጭቃ እያቦኩ የሚሄዱትን ጡረተኞች በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር። ስለ መራመድ ከንቱነትም ረጅም መጣጥፍ ጽፌያለሁ። የእግር መንገዶቹን የማውቃቸው አከራዬ ኮሪደር ላይ ከሰቀለችው ካርታ ነው፤ እሱንም ያጠናሁት የመታጠቢያ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው።

ካርታው በሳምንቱ አለቀብኝ። ያኔ "በቃን" ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አልፈለግሁም። ስድስት ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥህ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? እኔ በሃያ ዓመት ጽሑፌ ስድስት አንባቢ ማግኘቴን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ፈጠርኩ። ወፍጮ ቤት ሠራሁ፣ ድልድይ ዘረጋሁ፣ ጫካ ተከልኩ። አጥር በመጣ ቁጥር "የእንጨት መረማመጃው ጋ ደርሰናል፣ እግራችንን እናንሳ" ስል ስድስቱም በየሳሎናቸው በርጩማቸውን ይሻገራሉ። ልጄ ከጎኔ ሆና ፖስታ ሳጥን ድረስ እንኳ በመኪና የምሄድ ሰው መሆኔን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ አስታወሰችኝ። ቀሪው እንዳይሰማ ስልኩን ሚዩት አደረግሁት።

አንድ ጠዋት ጋሼ ወርቁ "ይቅርታ፣ ይህ ወንዝ ወደ ዳገት ነው እንዴ የሚፈሰው?" አሉኝ። በሰው ፊት! በማግስቱ በበቀል ሦስት ዳገት አወጣኋቸው። ሲያለከልኩ እየሰማሁ ሻዬን እጠጣ ነበር። ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የከፋው አህያው ነው። መንገዱ ማብቂያ ላይ፣ በር አጠገብ፣ የሁለት ዓይን ዕውር አህያ አቆምኩ። ካሮት ሰጥተነው እንመለሳለን። እትዬ አስካለ እውነተኛ ካሮት ቴሌቪዥናቸው ላይ ያስቀምጡ ጀመር።

"ዛሬስ በላ?"

"በላ፣ እትዬ።"

"እሰይ፣ የኔ ምስኪን!"

የጋሼ ወርቁ ስኳር ወረደ። ይህን ማስተባበያ አድርጌ አላቀርበውም፤ እኔ ለስኳራቸው ብዬ አልዋሸሁም።

በፈረንጆቹ 2022 በጋ ለንደን ያለችው የጋሼ ወርቁ ልጅ ትኬት ላከችላቸው። ኮል አደረጉልኝ። "መንደርህን ላያት ነው" አሉ። "ሁለት ዓመት ያስኬድከንን ሁሉ በካርታ ነድፌዋለሁ። አህያው በቀይ ነው። ካሮት ከዚህ ልያዝ ወይስ እዚያ ይገኛል?"

የመናገሪያዬ ሰዓት ያች ነበረች። ምን አልኩ? "ይገኛል" አልኩ።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ከፊታቸው ለመሸሽ ጋሃና በሚባል ሌላ ሰፈር የሚከራይ ቤት ማየት ሁሉ ጀምሬ ነበር። ሲመለሱ ሞርስ ሮድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እሑድ ምሳ ተጠራን። ሁሉም ነበሩ። ጋሼ ወርቁ አፋቸውን ጠረጉና አንድ በአንድ አዩን።

"ሁሉም እሱ እንዳለው ነው" አሉ። "ዳገቱን እንዲያውም አሳንሶታል።"

"አህያውስ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ከእጄ በላ። አርጅቷል እንጂ ደህና ነው።"

እትዬ አስካለ እልል አሉ።

እጄን ልታጠብ ስነሳ ጋሼ ወርቁ ተከተሉኝ። ቧንቧውን ከፍተው፣ ፊቴን ሳያዩ፣ "አህያው ያለበት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ነው" አሉኝ በቀስታ። "ልጄ ታየኝ ስለነበር ካሮቱን ራሴ በላሁት።"

"ጋሼ፣ ይቅር..."

"ዝም በል። አስካለ ነገ ጠዋት ትጠብቅሃለች።"

እንግዲህ አየህ፣ ስድስቱን ሰብስቤ ይቅርታ ብጠይቅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነቱን ሲያስተምሩ የኖሩትን ሰው ውሸታም አደርጋለሁ። ስማቸውን እዚህ የቀየርኩትም ለዚህ ነው። የዋሸሁት እኔ፣ ካሮቱን የበሉት እሳቸው። ነገም ስልኩ ይደወላል፣ እኔም እመራለሁ።

ስለዚህ ይቅር አትበለኝ። ብቻ እትዬ አስካለን ድንገት ካገኘሃቸው፣ አህያው ደህና ነው በላቸው።