የእንግዳወርቅ አንድ ጥይት

እንግዳወርቅ ጎጃሜ ነው፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሄርንደን ከተማ አጠገብ ካለው ኤርፖርት መንገደኛ በሹትል ባስ ያመላልሳል። ስልሳ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶታል። ደግ ሰው ነው። የሚከፋው "ተሳስተሃል" ሲሉት ብቻ ነው፤ መቼም አይዋሽም፣ ብዙ ጊዜም ይሳሳታል።

ፉአድ ሃያ ዓመት አብሮት የነዳ ወዳጁ ነው። ኅዳር በመጣ ቁጥር ሁለቱ ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች አጋዘን ለማደን ይወጡ ነበር። አምና ፉአድ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው፣ የሚወደውን ጠመንጃ ለእንግዳወርቅ ሰጠው። "እኔ ከእንግዲህ ዳገት አልወጣም፤ አንተ አድንበት" አለው።

ጠመንጃ እጅ ሲቀይር ዒላማው መፈተሽ አለበት። አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው የተኩስ መለማመጃ ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ርዝመቱ ሃያ አምስት ያርድ ብቻ። እንግዳወርቅ ነገሩን አንብቦ ነው የሄደው። በሃያ አምስት ያርድ የተስተካከለ ጠመንጃ ጥይቱ ትንሽ ሽቅብ ሄዳ ሁለት መቶ ያርድ አካባቢ ተመልሳ ዒላማዋ ላይ ትወርዳለች። በዚህ ቅርበት የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎን ከመቶ ያርዱ አራት እጥፍ ማዞር እንደሚያስፈልግም ያውቃል። አንድ ጥይት ተኮሰ፤ አንድ ኢንች ወደ ግራ ሳተ። ብሎኑን አሥራ ስድስት ጊዜ ቀጭ እያደረገ ወደ ቀኝ አዞረና ዕቃውን ሰበሰበ። ሁለተኛ ጥይት? አይሞከርም! እሱ ባደገበት አገር ወረቀት ላይ ጥይት የሚያባክን ሰው መሳቂያ ነው።

ኅዳር ላይ መቶ ሃምሳ ያርድ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ የቆመ አጋዘን አገኘ። ትከሻውን አልሞ ሆዱን መታው። አጋዘኑ ጫካ ገባ። ደሙን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ፈለገው፤ አላገኘውም። ያ እንስሳ የትም ወድቆ መሰቃየቱ አንጀቱን በላው። ሐዘኑ ወደ ቁጣ ዞረና ፎልስ ቸርች ከተማ ባለ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ፉአድን "ጠማማ ጠመንጃህን አሸክመህ በዚያ አጋዘን ኃጢአት ውስጥ ከተትከኝ!" አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፉአድ ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ በባስ ሲተላለፉ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ዘንድሮ ልጁ ኤልዳና አብራው ልትሄድ ፈለገች። ፊዚካል ቴራፒስት ናት፤ አደን የተማረችው ከሥራ ባልደረቦቿ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያው መለማመጃ ሄዱ። ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋ ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ሦስቱን ቀዳዳ አንድ ሳንቲም ይሸፍናቸዋል፤ ሁሉም ግን አንድ ኢንች ወደ ቀኝ ሄደዋል።

"አባዬ፣ ራይፍሉ ግሬት ነው" አለችው፣ መነጽሩን በጣቷ እየነካች። "ስኮፑን ግን የሆነ ሰው ሜስ አፕ አድርጎታል። እዚህ ዋን ኢንች ነው፣ ዋን ፊፍቲ ያርድ ላይ ሲክስ ኢንች ይሆናል።"

"አንድ ኢንች? ወደ ቀኝ?"

"ኤግዛክትሊ።"

ይሄኔ ጎናቸው ያለ ሰው ተኮሰ፤ ጠባቡ ቤት ጮኸ፤ የእንግዳወርቅ ትከሻ ዘለለ። ትዝ አለው። አምናም ቃታውን ሲስብ ጎኑ እንዲህ የሚያንባርቅ ጠመንጃ ነበር። ደንግጦ የሳተው እሱ ራሱ ነው። ጤነኛውን ጠመንጃ በድንጋጤው ልክ አጣመመው። ሁለት ጥይት ቢጨምር ኖሮ ወረቀቱ ይነግረው ነበር።

ዝም ቢል ልጁ አታውቅበትም።

"ሰውየው እኔ ነኝ" አላት።

ኤልዳና አንዴ አየችውና ብሎኑን ወደ ግራ መለሰችው። ደግማ ሦስት ተኮሰች፤ ሦስቱም መሃል ገቡ።

እንግዳወርቅ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥቶ ፉአድ ጋ ደወለ።

"ፉአድ፣ ጠመንጃህ ደህና ነበር። መነጽሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ያዋረድኩህም እኔው ነኝ። ይቅር በለኝ።"

እንግዳወርቅ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጀ።

"እኔ'ኮ" አለ ፉአድ፣ "ጠመንጃው የሆነ ቦታ ወድቆብኝ መዛነፉን ሳላይ ሰጥቼህ ይሆናል ብዬ፣ ዓመቱን ሙሉ የዚያን እንስሳ ነገር በራሴ ላይ ተሸክሜው ነው የከረምኩት።"

እንግዳወርቅ የተዘጋጀው ለቁጣ ነበር። "አውርደው፤ ሸክሙ የኔ ነው" አለው።