ዳገት ላይ የሚደክም ላፕቶፕ

«ጋሽ ጌታነህ፣ ነገርኩዎት እኮ! የዚህ ማሽን ግራፊክስ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። አይወጣም፣ አይቀየርም። ለጨዋታ ከሆነ አዲስ ይግዙ።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ መኪና ዳገት አልወጣ ባለኝ ቁጥር አዲስ ብገዛ ኖሮ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይጠፋ ነበር።»

ወደ ሱቁ የገባሁት ጭቅጭቁ ከተጋጋለ በኋላ ነው። በኮምፒውተር ጥገና ተቀጥሬ ሥራ የጀመርኩበት ቀን ነበር። የሱቁ ባለቤት ያሬድ የታላቅ ወንድሜ የክፍል ጓደኛ ነው። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ስልክና ላፕቶፕ ይጠግናል፣ አዲስም ይሸጣል። የቀጠረኝ ወንድሜ ስለለመነው እንጂ በእጄ አምኖ አልነበረም። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ሰው የጣላቸውን ላፕቶፖች ሰብስቤ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሦስቱን አበላሽቼ አራተኛውን አስነሥቼ ነው ያወቅኩት።

ጋሽ ጌታነህ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ዓይናቸው ሩቁን አላይ ስላለ መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ላፕቶፗን ተወችላቸው፤ ከባድ መኪና የሚነዳበት ጨዋታም ጫነችበት። ስክሪኑ ቅርብ ስለሆነ መንገዱን አጥርተው ያዩታል። ችግሩ ጨዋታው እየተንገጫገጨ መሄዱ ነው።

«መሪውን ዛሬ አዞራለሁ፤ እሱ ነገ ይዞራል» አሉ።

«ራሙ ስንት ነው?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

ያሬድ ዞሮ አየኝ። «አንቺ ደግሞ መጀመሪያ ቦርሳሽን አስቀምጪ።»

«አራት ጊጋ ከሆነ፣ ዲስኩም የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ ግራፊክሱን ሳንነካ ማፍጠን ይቻላል። የዚህ ማሽን ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፤ ከራሙ እየተሻማ ነው የሚሠራው።»

ያሬድ ሳቀ። «ስሟ ትዕግሥት ነው ጋሼ፤ ስሟን አይመኑት። ግጥም ትጽፋለች ነው ያሉኝ፤ ጥገና ትችላለች ያለኝ የለም።»

«ግጥምም ትጻፍ። እሷ እንሞክር አለች፤ አንተ ልሽጥልህ ነው የምትለኝ።»

ያሬድ ፊቱ ተለዋወጠ። «እሺ፣ ክፈቺው! ካልሠራ ግን ነገ እንዳትመጪ። ጋሼ ምስክር ናቸው።»

«እመሰክራለሁ» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «ግን ሩቅ እንዳትቆሙ፣ አላያችሁም።»

መጀመሪያ ሹራቤን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ያሬድ፣ «ብርዱ ይጨርስሻል» አለኝ። የሱፍ ሹራብ በደረቅ ብርድ ሲወልቅ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ያቺ ብልጭታ ለሰው ምንም አይደለችም፣ ራም ግን ታቃጥላለች። የቀረብኝ ብልጭታ እንዲወጣልኝ የመስኮቱን ብረት በእጄ ነካሁና ባለ መስቀሉን ካቻቢቴ አነሣሁ።

ለራሙና ለዲስኩ የምትከፈተው ከሥር ያለችው ትንሿ ክዳን ናት። ሁለት ብሎን ፈትቼ አነሣኋት። ከሁለቱ የራም ቀዳዳዎች አንዱ ባዶ ነው፤ በሌላው አራት ጊጋ ተሰክቷል። ዲስኩ እየተሽከረከረ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነው። ባለ ስምንት ጊጋ አንድ ዓይነት ሁለት ራም፣ አንድ የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ኤስ ኤስ ዲ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

«ሁለት ለምን አስፈለገ?» አሉ ጋሽ ጌታነህ።

«ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አብረው ይሠራሉ። ሥራው በአንድ መንገድ ከመጨናነቅ በሁለት ይሄዳል።»

«የኋላ ጥንድ ጎማ በዪኛ! ጭነቱን ይካፈሉታል።»

ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ለደንበኛ ስናገር እሱኑ ነው የምደግመው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሹፌር እጅ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሹፌሩ የጋሽ ጌታነህ የድሮ ረዳት ስለነበር ፖስታውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ራሞቹን በሰያፍ አስገብቼ ወደ ታች ስጫናቸው የጎን መያዣዎቹ ቀጭ ብለው ያዟቸው። የድሮውን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤስ ኤስ ዲው ገለበጥኩ፤ የልጃቸው ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ስለነበሩ አንድም እንዳይጎድል እየቆጠርኩ አረጋገጥኩ። ከዚያ አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ተካሁ።

ድሮ ማሽኑ እስኪከፈት ጋሽ ጌታነህ ጺማቸውን ተላጭተው ይጨርሱ ነበር አሉ። አሁን የጀመሩትን ሳል ሳይጨርሱ ተከፈተ። ጨዋታውን አምስት ደቂቃ ሞከርነው። መኪናው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ያሬድ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔም በሙያው ቤት ሠርቼ የገባሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጌታነህ ላፕቶፑን ታቅፈው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ሜዳውን በረረ። አሥር ደቂቃ ያህል በረረ። ከዚያ ዳገቱ መሃል ላይ ደከመ፤ እንደ ድሮው ይንገጫገጭ ጀመር።»

ያሬድ ከመቀመጫው ተነሣ። ሹራቤን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ፊቴ እሳት ሆነ። አምስት ደቂቃ ብቻ መሞከሬ ስህተት እንደነበር የገባኝ ሹራቡን እንደያዝኩ ነው።

«ቆይ፣ አንተ!» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «ቀዝቃዛ እያለ ይሄዳል፣ ሲቆይ ይደክማል ነው ያልኩት። ሰምታችሁኛል?»

«ሰምተናል ጋሼ» አለ ያሬድ።

«እንዲህ የሚያደርግ መኪና ሲመጣለት ሞተር የሚያወርድ መካኒክ ወይ ሌባ ነው ወይ ሰነፍ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ራዲያተሩ ነው። ይሄ ነገር ራዲያተር የለውም?»

አለው። ሹራቡን ወንበር ላይ ጣልኩት።

አሁን ፈጥኜ አልከፈትኩም። ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጫንኩና ጨዋታውን አሥር ደቂቃ አስኬድኩት። ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቶ ዘጠና ስምንት ዲግሪ ላይ ቆመ። በዚህ ሙቀት ማሽኑ ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ራሙ ሠላሳ ጊጋ ቢሆንም አይረዳውም።

አጥፍቼ ሙሉውን ሆዱን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ብሎን ነው፤ ሁለቱ ከጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቀዋል። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ፋኑን ፈትቼ አነሣሁ። ከፋኑ ጀርባ አየር የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ብረቶቹ አይታዩም። ከፊታቸው ነጭና ጥቁር የሆነ ነገር ተጠቅጥቋል። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው ሳይበጠስ በአንድነት ወጣ፤ ከባርኔጣ የተቀደደ ቁራጭ ይመስላል።

ያሬድ አንገቱን አስግጎ፣ «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ሱፍ ነው። ጋሼ፣ የት አስቀምጠው ነው የሚጫወቱት?»

«ጉልበቴ ላይ ነዋ! ብርዳችንን ታውቂው የለ? ባናዬን ጉልበቴ ላይ አጥፌ፣ እሱን ከላዩ።»

ባና ከአገራችን በግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ፋኑ አየር የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ የጋሽ ጌታነህን ጉልበት ያሞቀውን ባና እየላገ ሲስብ፣ በራሱ ሙቀት ሲጠቀጥቅ ኖሯል። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ስለ አቧራ ነበር የሚያወሩት፤ ስለ ባና የነገረኝ አልነበረም።

ጋሽ ጌታነህ ቁራጩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «አይ እኔ! መኪና አስረጅቼ፣ ራዲያተሩን በገዛ እጄ ባና ላልብሰው?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ብረቶቹን በብሩሽ ጠረግኩ። ከፕሮሰሰሩ ላይ እንደ ኖራ የደረቀውን አሮጌ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን፣ በአልኮል አነሣሁና ምስር የምታህል አዲስ ጠብታ አደረግኩ። ገጥሜ ዘጋሁ። ከዚያ ላፕቶፑን የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ይንዱ» አልኳቸው። «ከአንድ ሰዓት በታች አልቀበልም።»

ነዱ። ወሬው መናኸሪያ ደርሶ ሹፌሮች መስኮቱ ላይ ተደረደሩ።

«ጌቾ፣ ማርሽ ቀንስ! ቁልቁለት ነው!» አለ አንዱ።

«አንተ ረዳት ሆነህ በር ስትደበድብ እኔ እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ ወርጄዋለሁ!»

«አሁንም ጨፍነህ ነው እንጂ!»

መስኮቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ መንገዱን አላየሁም፤ ዓይኔ ማዕዘኑ ላይ ባለችው ትንሽ ቁጥር ተተክሏል። ሰባ። ሰባ ሁለት። ዳገቱን ወጡ፤ ሰባ ሦስት። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ሰባ ሁለት። መኪናው አንዴም አልተንገጫገጨም። ሰዓቱ ሲሞላ ጋሽ ጌታነህ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሰጥተው ማራገፊያው ውስጥ በአንድ ጊዜ አስገቡት። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። እሳቸው ከከፍተኛ ቦታ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብለው ከወንበሩ ተነሡና እጄን ጨበጡ።

«መካኒክ ነሽ» አሉኝ፣ ያሬድ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም የመጣ ስንት ላፕቶፕ ከፍቻለሁ፤ ከብዙዎቹ ባና አውጥቻለሁ። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ ይህን ያዙ፦ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ሙቀቱን ለኩ። ባለቤቱን የት አስቀምጦ እንደሚጫወት ጠይቁት። የሠራችሁትን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትፈትኑ አታስረክቡ።

ያኔ ግን ይህን ለማሰብ ፋታ አልነበረኝም። ጋሽ ጌታነህ ገና ሳይወጡ አንድ ወጣት መምህር የላፕቶፕ ቦርሳ አንግቶ ገባና፣ «የኔም የኳስ ጨዋታ ላይ ይቆማል፤ ራም ልጨምርበት?» ብሎ ያሬድን ጠየቀ።

ያሬድ ካቻቢቴዎቹን ከነሣጥናቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው።

«እሷን ጠይቃት» አለው። «እኔ ምሳ ልበላ ነው።»

የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶም በሹፌሮቹ መሃል አልፎ ሄደ።