እናቴን ማርሳቢት ያቆየ ዝናብ

ሚያዝያ እንደገባ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የበረርኩት ታናሽ ወንድሜን ደረጀን ለመቅበር ነው። ሥራዬ የአየር ትንበያ ነውና በሐዘኔ ውስጥ ሆኜም ዓይኔ ከመስኮቱ አልተነቀለም። ድንበሩን ካለፍን ወዲያ ደመናው ክምር በክምር ነበር፤ አልወደድኩትም።

ኢምባካሲ

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተቀበሉኝ ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ታምሩ ናቸው። ደረጀ ይሠራበት የነበረውን የካርጎ መጋዘን ሲያሳዩኝ አለቀሱ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሆነን የእናቴን ነገር አነሱ። እናቴ የምትኖረው ሞያሌ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና "ደረጀን ትንሽ አሞታል፣ ነይ" ተብላ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራለች። ቀብሩ እሷን እየጠበቀ ነበር።

ኢስትሊ

በማግስቱ የቀረበልኝን ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ብስኩት ትቼ ወጣሁ። ናይሮቢ ያለ የሙያ ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ የአየር ሁኔታ ካርታውን አየሁ። ከህንድ ውቅያኖስ በኩል ዝቅተኛ የአየር ግፊት ወደ ሰሜን ኬንያ እየተጠጋ ነው። እንዲህ ያለው ሲቀርብ እርጥብ ነፋስ ከየአቅጣጫው ይስባል፤ አየሩ ሽቅብ ወጥቶ ደመና ይቆልላል፤ ዝናቡም አንዱ መንደር ላይ ዶፉን አውርዶ ማዶውን ደረቅ ይተዋል። ሰው ከእኛ የሚፈልገው አዎ ወይም አይ ነው፤ የትኛው መንደር ላይ እንደሚወርድ ግን አናውቅም። እናቴ ከምታልፍባት ከማርሳቢት ከተማ ወዲህ ያለው መንገድ ያኔ ገና አስፋልት አልነበረውም፤ ለመዘጋት አንድ ዶፍ ይበቃው ነበር።

እናቴ ማርሳቢት ደርሳ ደወለች። ዝናብ እየመጣ ስለሆነ እስኪያልፍ እዚያው እንድትቆይ ነገርኳት።

"ደረጀስ?"

"ደህና ነው፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ምን ያስቸኩለኛል" አለች። እፎይ ስትል ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ዝናቡ እንዳልኩት መጣ። ቀድሟቸው ከማርሳቢት የወጣ መኪና ጭቃ ውጦት መቅረቱን እናቴን የያዘው ሾፌር ደውሎ ነገረኝ፤ አመሰገነኝም። መንገዱ ሳይደርቅ ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ ሬሳ ማቆየት ነውር ነው አሉ። ደረጀን ዶፍና ፀሐይ እየተፈራረቁብን ቀበርነው።

ሳውዝ ሲ

እናቴ ስትደርስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሆስፒታል ነው፣ ጠዋት እንወስድሻለን ብለን ሳውዝ ሲ ሰፈር በሚገኘው የደረጀ ቤት አሳደርናት። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ታምሩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገብተው መርዶውን ነገሯት፤ መቀበሩንም። ወደ እኔ ዞረች።

"የዝናቡን እውነት ነገርከኝ" አለች። "የልጄን ብትነግረኝ፣ ጭቃውን በእግሬ እገባበት ነበር።"

አዲስ አበባ

ከተመለስኩ ወዲህ ሥራዬን እንደ ድሮው እሠራለሁ። ለመንገደኛ "ቆይ" ከማለቴ በፊት መንገደኛው ራሱ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ ማወቅ እንዳለበት የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለደረጀ ቀብር አልደረሰም። ድሮ ሞያሌ በደወልኩ ቁጥር እናቴ "ይዘንባል ወይ?" ብላ ሳትጠይቀኝ ስልኩን አትዘጋም ነበር። አሁን አትጠይቀኝም።