በ«ዝ» የተቆለፈ ስልክ

ከሌላ አገር መጥተን፣ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር ሁለት መምህራን ነበርን። ጓደኛዬ ፊዚክስ ያስተምራል። አንድ ቀን ስልክ ሲያወራ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማና ፊቱ ተለዋውጦ መጣ።

«ተጠልፈናል» አለኝ።

«ምን ምስጢር አለንና?»

«ዛሬ የለንም። ነገ ቢኖረንስ?»

ከዚያ ወዲህ በስልክ ተራ አማርኛ መናገር ቀረ። ልጆች ሆነን እንቀባጥርበት የነበረውን፣ ከየፊደሉ ኋላ «ዝ» እየጨመሩ የሚያወሩበትን ቋንቋ አመጣ። ከገበያ ደውሎ «ቲዚማዛቲዚምዝ ልዝግዝዛዛ?» ይለኛል፤ ቲማቲም ልግዛ ማለቱ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ እኔም አጥር ሥር ቆሜ ሰፈሩ እስኪሰማ እየጮህኩ እመልስለታለሁ።

ጎረቤታችን አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ የምትመዝን የጋምቤላ ልጅ ናት። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። አንድ ቀን ጓደኛዬ በሌለበት ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «እዝንዝዴዜትዝ ዋዛልዝክዝ?» አለችኝ። ክው አልኩ።

«ያገራችሁ ቋንቋ ደስ ይላል» አለች። «ከአማርኛ ይቀላል።»

ለጓደኛዬ ብነግረው እንቅልፍ ያጣል ብዬ ተውኩት።

በኋላ እሱ ተማሪ ሊፈትን አቦቦ ወረዳ ተላከና ከአልዌሮ ግድብ ዳር ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ የሚሰማኝ ዝዝዝ ብቻ ሆነ።

«በአማርኛ ንገረኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝዝዝ!»

ልብስ ታሰጣ የነበረችው ጎረቤቴ መጥታ ስልኩን ተቀበለችኝና አዳመጠች። «ሩዝ ላምጣ ወይ ነው የሚልህ» አለችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ «አዛምዝጣዛ» አለችው። መስመሩ ወዲያው ተቋረጠ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ሙሉ ጆንያ ሩዝ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መለሱልኝ» አለ በሹክሹክታ። «ሴት ናት። በገዛ ቋንቋችን! ሲሙን አውጥቼ ግድቡ ውስጥ ወረወርኩት።»

«ታዲያ ሩዙን ለምን ገዛህ?»

«አምጣ አለችኛ! እነሱ አዘው እምቢ ይባላል?»

ሳቄም ሐዘኔም አንድ ላይ መጣ። ጎረቤታችንን ጠርቼ እሷው እንድትነግረው አደረግኩ።

«አንቺ ነሽ የምታዳምጪን?» አላት።

«ሰፈሩ በሙሉ ያዳምጣል፣ ቲቸር። ትጮኻላችሁ እኮ!»

ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ግማሹን ሩዝ ለእሷ ሰጠናት።

አሁን አዲስ ሲም አውጥቶ በተራ አማርኛ ያወራል። ብቻ እናቱ «ሃሎ» ስትለው፣ አስቀድሞ «የምታዳምጡም ሁላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ?» ይላል። እሷ ደግሞ ቤቱ እንግዳ የሞላ እየመሰላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እነማን አሉ?» ትላለች።