አጎቴ ያልፈተሸው ትምህርት

አጎቴን ከቀበርን ወዲህ ክፍል መግባት እፈራለሁ። እሱ ድሬዳዋ ጉምሩክ ሲሠራ ራሱ ፈትቶ ያላየውን ጭነት ፈርሞ አያሳልፍም ነበር። የእኔንም ትምህርት ለተማሪዎቼ ከማስተማሬ በፊት እንደ ጭነት ያስፈታኝ ነበር።

ባለፈው ወር ስለ ሴል አስረዳሁት። አዲስ የተሠራ ፕሮቲን በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ ከተሠራበት የሴሉ ክፍል ወደሚቀጥለው እንደሚላክ ነገርኩት።

«ወላሂ ጥሩ ነው። ግን ከረጢቱ የት እንደሚወርድ በምን ያውቃል?»

«እሱን መጽሐፌም አይናገርም።»

«እንግዲያው መምህር፣ ልጆቹ ፊት አውቃለሁ ብለህ እንዳትፈርም» ብሎ ሳቀ።

ትናንት ደብተሬን ይዤ ሳላስበው ጉምሩክ ደረስኩ። አጎቴ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ «ምን ፈለግህ?» ሲለኝ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ብሳሳት የሚያስቆመኝ የለም። ልጆቹ ስህተቴን አምነው ወደየቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ።